ከልስን በፊት የተነሣ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

…ወይስ ጥላ ነበር? አምፖሉ የተሰቀለው በስተግራ ነው፤ ጥላ ቢሆን ወደ ቀኝ ይወድቅ ነበር። ያቺ ግን ቀጥ ብላ ወደ ታች ነው የወረደችው። ከቧንቧው መጋጠሚያ ሥር፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጥቁረት። ጥላ ጠርዝ አለው። ይቺ ጠርዝ አልነበራትም፤ ብሎኬቱ ውስጥ እየሰረገች ነው ያለቀችው። ማውሱን ይዤ ፎቶውን አጎላሁት፣ አንዴ ተጫንሁ፣ ጠፋች። አላሰብሁም። ሃያ ዓመት የሙሽራ ብጉር ሲያጠፋ የኖረ እጅ ፈቃድ አይጠይቅም።

ይህ የሆነው ቅዳሜ ነው። ዛሬ ጠዋት ሁለተኛ ፎቅ ስወጣ ለሳኞቹ የሰባት ቁጥርን ክፍል ጨርሰው ባልዲያቸውን ያጥቡ ነበር። ግድግዳው ለስላሳ፣ ግራጫ፣ እርጥብ። ቧንቧ የሚባል ነገር በውስጡ አልፎ የማያውቅ ይመስላል። እጄ ያደረገውን ያየሁት ያኔ ነው። ደረጃው ላይ ቁጭ አልሁ።

ሥራዬን እዚህ ልጻፈው። ሲጻፍ ምናልባት ያንስ ይሆናል።

ፎቶ ቤቴን ከዘጋሁ ዓመት አለፈ። ሙሽራው ሁሉ ስልክ ያለው ወንድም አለው። አሁን የምሠራው ሐይቁ ዳር በሚገነባው የእናቶች ክሊኒክ ነው፤ ግድግዳ ከመለሰኑ በፊት የቧንቧውን መሥመር አነሣለሁ። ሜትር ይዘረጋል፣ የክፍሉ ቁጥር በጠመኔ ይጻፋል፣ ከፊት አንድ፣ ከጎን ሁለት። ነገ ሰው ግድግዳ ሊበሳ ሲል ፎቶውን አይቶ ቧንቧው የት እንዳለ ያውቃል። ሥራው ምን ላይ እንደ ደረሰም በየሳምንቱ ቅዳሜ ከኔ ፎቶ ነው የሚታወቀው። ተቆጣጣሪዋ ኢንጂነር ሰላም ስትቀጥረኝ፣ «ግድግዳው ከተዘጋ በኋላ ዓይናችን አንተ ነህ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰባት ቁጥር የማዋለጃ ክፍል ነው። የሁለተኛው ፎቅ ቧንቧ በሙሉ ውሃ ተሞልቶ፣ በፓምፕ ግፊት ተሰጥቶት ተፈትሿል፤ አልፏል። ከዚያ በኋላ የእጅ መታጠቢያው ቦታ ይቀየር ተባለ። አያ አዳሙ፣ የቧንቧ ሠራተኞቹ አለቃ፣ ባለፈው ሐሙስ ቧንቧውን ቆርጦ አዲስ መጋጠሚያ አስገባ። እንደገና መፈተሽ ነበረበት። ፓምፑ ግን መራዊ ላለ ሌላ ሥራ ሄዷል።

«ፎቶው ደረቅ ካሳየ ይለሰን» አለች ኢንጂነሯ።

ፎቶው ደረቅ አሳየ። ያደረቅሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ግድግዳ ሥር፣ ምድር ቤት፣ የመብራት ማከፋፈያው ክፍል ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዋናው ፎቶ የለም። የነካካሁትን በላዩ ላይ አስቀምጬበታለሁ። የካሜራውንም ካርድ ቅዳሜ ማታ አጥፍቼዋለሁ፤ የሠርግ ጊዜ ልማድ ነው፣ እሑድ ሌላ ሙሽራ ስለሚመጣ ካርዱ ባዶ መሆን አለበት። አሁን እሑድ ማንም አይመጣም። እኔ ግን አሁንም አጠፋለሁ።

በምሳ ሰዓት ካርዱን ይዤ ገበያው አጠገብ ወዳለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ሄድሁ። አንድ ሰዓት ያህል ሠራ። መቶ ምናምን ፎቶ አወጣልኝ። የሰባት ቁጥሩም ነበረበት። ላይኛው ግማሽ ጥርት ያለ፦ አረንጓዴው ቧንቧ፣ የጠመኔው 7፣ የሜትሩ ጫፍ። ታችኛው ግማሽ ግራጫ። ባዶ።

«ምን ነበረበት?» አለኝ ጠጋኙ።

«ግድግዳ።»

«ለግድግዳ ነው እንዲህ የሚያልብህ ጋሼ?»

ሳቅሁለት። ከፍዬ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ኢንጂነር ሰላም ቢሮ ጠራችኝ። የክሊኒኩ ባለቤት ፎቶዎቹን አይተው ስለ ወደዷቸው ልታመሰግነኝ ኖሯል። «ንጹሕ ናቸው» አለች። የሐዋሳ ልጅ ናት፤ ስታመሰግን ፊት ለፊት እያየች ነው። እኔ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ማጣበቂያ አየሁ።

ለምን ያኔውኑ አልነገርኋትም? ምክንያቱን ፈለግሁ። ምክንያት አይደለም፣ ፍርሃት ነው። አዲስ ሥራ የምጀምርበት ዕድሜ አይደለም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሊሆን የሚችለው፦

ቧንቧው ሲቆረጥ ውስጡ የቀረ ውሃ ሊሆን ይችላል። ቆርጠህ ስትገጥም ጥቂት መንጠባጠቡ አይቀርም። ያ ከሆነ ምንም አይደለም፤ ደርቋል።

የአያ አዳሙ ላብ ሊሆን ይችላል።

የካሜራዬ ሌንስ ሊሆን ይችላል። (አይደለም። ሌሎቹ ፎቶዎች ላይ የለም።)

ወይም መጋጠሚያው ያፈስሳል። ቀስ ብሎ። በቀን ሁለት ጠብታ። ክሊኒኩ ተመርቆ፣ አልጋው ገብቶ፣ ሴት ምጥ ላይ ሆና፣ ከሥር መብራቱ—

እዚህ ላይ ተውሁት።

ጠዋት ማንም ሳይኖር ሰባት ቁጥር ገባሁና መዳፌን ግድግዳው ላይ አደረግሁ። ቀዝቃዛ። እርጥብ። ሁሉም ግድግዳ ግን እርጥብ ነው፤ ልስኑ ሦስት ቀን አልሞላውም። እርጥበት ውስጥ እርጥበት ፍለጋ። ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ዳሰስሁ።

«ቀሲስ ፎቶ! ግድግዳ ማጥመቅ ጀመርህ?»

አያ አዳሙ ነው። በሩ ላይ ቆሟል፤ ቧንቧ መቁረጫውን ትከሻው ላይ እንደ መቋሚያ አጋድሞ። አባቱ ከሐይቁ ደሴቶች በአንዱ ላይ ባለ ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ናቸው። እሱም ዲያቆን ነበር፤ ዜማውን ትቶ ቧንቧ ላይ ከገባ ሠላሳ ዓመቱ። አሁንም ሲሠራ ያዜማል፤ ሲበላሽበት ደግሞ በግእዝ ይሳደባል ይሉታል አብረውት የሚሠሩት ልጆች፤ ስድብ ይሁን ጸሎት የሚለይለት ግን የለም።

«መድረቁን እያየሁ ነው» አልሁት።

«እንግዲህ ለሳኞቹ ይጨነቁበት። የእኛ ድርሻ አልቋል።» መጥቶ አጠገቤ ቆመ። እሱም መዳፉን አሳረፈ። ልክ እዚያ ላይ። «እንዴት አድርጌ እንደ ገጠምኋት አየህ? ወገቤ እስኪቆረጥ ጎንበስ ብዬ። የሚያያት የለም። ይኸ ነው የሥራችን ክፋቱ፤ ጥሩ ስትሠራ ይዘጉብሃል፣ መጥፎ ስትሠራ ነው የሚከፍቱልህ።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼ ነበር። እሱ ቀደመኝ፦

«ፎቶዋን አሳጥብልኝ። ዓርብ ሚካኤል ነው፣ ለአባቴ እወስድላቸዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ‹ምንድን ነው የምትሠራው?› እንዳሉኝ ነው።»

«የቷን?»

«ይቺኑ ነዋ። ከሁሉም ይቺ ታምራለች።»

ከሄደ በኋላ ወለሉ ላይ በጠመኔ ሁለት የእግር ምልክት አደረግሁ። በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከአንድ ቦታ ግድግዳውን አነሣለሁ። ሲደርቅ ይነጣል። የማይነጣ ካለ ይታያል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሦስት ሰዓት ላይ አነሣሁ። የትናንቱንና የዛሬውን ጎን ለጎን አደረግሁ።

ሦስቱ ግድግዳዎች ነጥተዋል። አራተኛውም ነጥቷል፤ ከመካከሉ ዝቅ ብሎ ሁለት ጣት የሚሆን ቦታ ሲቀር። ወይም የቀረ ይመስለኛል። ያ ግድግዳ ከመስኮቱ ይርቃል፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ አያገኘውም። ትናንት ትንሽ ጎንበስ ብዬ ሳይሆን አይቀርም ያነሣሁት። እግሬን ምልክት አደረግሁ እንጂ ቁመቴን አላደረግሁም።

ብርሃኑን ጨመርሁ፣ ጠፋ። ቀነስሁ፣ መጣ። ይህን ማሽን ለሃያ ዓመት አምኜዋለሁ።

ኢንጂነሯ ለሠራተኞቹ ስትነግር ሰማሁ፦ የሴራሚኩ ሥራ ቅዳሜ በሰባት ቁጥር ይጀመራል። ካርቶኖቹ እዚያው ክፍል ተደርድረው፣ እንዳይሰረቁ ጊዜያዊ የቆርቆሮ በር ተገጥሟል። ሴራሚክ ከለበሰ በኋላ ማን ይከፍተዋል?

ፎቶውን አሳጠብሁ። ትልቁን መጠን። አያ አዳሙ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ በጫፍና በጫፉ ያዘው። «አይ አንተ! ሙሽራ አስመሰልኸው!» አለ። ልጆቹን ጠርቶ አሳያቸው። አንዱ፣ «ጥሎሹስ ስንት ነው?» አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ማታ ለትዕግሥት ነገርኋት። ባለቤቴ አስተማሪ ናት፤ የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ነበር፤ እስክትጨርስ ጠበቅሁ። ሁሉንም አልሁ።

«ውሃ ነበር?» አለች።

«አላውቅም።»

«ስታጠፋው አታውቅም ነበር?»

«ስላላወቅሁ አይደለም ያጠፋሁት። ስላስጠላ ነው።»

ቀይ እስክሪብቶዋን ከደነች። ከዚያ ሳሎን ያለውን የሠርጋችንን ፎቶ በአገጯ አመለከተች። በዚያው ጠባሳ ባለበት አገጯ። ልጅ ሆና ከግንብ ወድቃ ነው። ፎቶው ላይ ጠባሳው የለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ስጦታ መስሎኝ።

«እናቴ እስከ ዛሬ ‹ሚዜዋን ነው የሰቀላችሁት› ትላለች» አለች። እየቀለደች መሰለኝ። አልሳቀችም ግን።

«ነገ እነግራቸዋለሁ።»

«ለማን?»

ለማን። ይህን አላሰብሁትም ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ሚካኤል

ሠራተኛ የለም። የከተማው ደወል ከንጋት ጀምሮ። ግቢው ውስጥ የአሸዋ ክምርና ሁለት ውሻ ብቻ። ኢንጂነር ሰላም በዓሉን አታከብርም፤ ቢሮዋ ክፍት እንደሚሆን አውቄ ነው የሄድሁ።

አያ አዳሙ በጠዋቱ ጀልባ ወደ አባቱ ሄዷል። ፎቶውን ይዞ። መጀመሪያ ለሱ መንገር ነበረብኝ፤ አሁንም ይህን እያወቅሁ ነው ወደ ቢሮው የገባሁት። ነገ ሴራሚክ ይለጠፋል አልሁ ለራሴ። እውነት ነው። እሱ ሳይኖር መናገር ስለ ቀለለኝም ነው። ይህም እውነት ነው።

ቆሜ ነገርኋት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፦

«ዋናው ፎቶስ?»

«የለም።»

«ሌላ ስንት ፎቶ ነክተሃል?»

ይህን አልጠበቅሁም። «ብርሃን ብቻ… አቧራ… የሲሚንቶ ፍንጣቂ።»

«ስንት?»

«አላውቅም።»

በመስኮቱ ሐይቁን አየች። ውሃው ዛሬ ጸጥ ብሏል፤ ወደ ዳር የተገፋ እምቦጭ ብቻ ይወዛወዛል። «ሁለት ፎቅ ግድግዳ በአንተ ፎቶ ነው የዘጋሁት» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ስልክ አነሣች። ፓምፑ ነገ በጠዋት ከመራዊ ይመጣል። ሴራሚኩ ቆመ። ፎቁ በሙሉ እንደገና ይፈተሻል። «መጋጠሚያው ካፈሰሰ ጋሽ አዳሙን ሥራ ላይ ማቆየት አልችልም» አለች። «ባለቤቱ ማን እንደ ፈረመ ይጠይቃሉ፤ ‹አልቋል› ብለው የፈረሙት እሳቸው ናቸው። የአንተን ሰኞ እንነጋገራለን።»

«ለሱ እኔ ልንገረው።»

«ዛሬ ንገራቸው።»

ስልኩ አይሠራም። ደሴቱ ላይ ኔትወርክ የለም። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ጀልባ መውረጃው ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ዓረፍተ ነገሬን አዘጋጀሁ። «አያ፣ አንድ ነገር አጥፍቻለሁ።» ‹አጥፍቻለሁ› ስል በደል ይመስላል፤ በደልም ነው። ሌላ ሞከርሁ። «አያ፣ ፎቶዋ እውነት አይደለችም።» ይህ ደግሞ የከፋ ነው።

የመጨረሻው ጀልባ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ገባ። ነጠላ የለበሱ ሴቶች ወረዱ፣ አንድ አዛውንት ወረዱ፣ ጀልባ ነጂው ገመዱን አሠረ። አያ አዳሙ የለም።

«እዚያው ያድራል» አለኝ ጀልባ ነጂው። «አባትየው አልለቀውም አሉት። ፎቶ ይዞ መጥቶ ደብሩን ሁሉ ሲያሳዩ ነው የዋሉት።»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ይህን የምጽፈው ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው። እጄ ሥራ ይፈልጋል።

አንድ ሰዓት ላይ ደረስሁ። ቀደም ብዬ ልይዘው ነበር። አያ አዳሙ ግን በመጀመሪያው ጀልባ መጥቶ ከኔ ቀድሞ ገብቷል፤ ኢንጂነሯም ነግራው ቀድማኛለች። ፓምፑን ከመኪናው አውርዶ ቱቦውን እየገጠመ ነበር። የትናንቱን ነጭ ልብስ ለብሶ። አላዜመም።

«አያ» አልሁ።

ቀና አላለም። «መቼ ነው ያዩት?»

አንቱ አለኝ። ሁሌ አንተ የሚለኝ ሰው።

«ቅዳሜ። ትናንት ልነግርህ ጀልባው ጋ—»

«ረቡዕ አብረን ቆመን ነበር። እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ ነበር።»

«አዎ።»

«ሐሙስ ፎቶውን በእጅዎ ሰጡኝ።»

«አዎ።»

«አባቴ ዳዊታቸው ውስጥ አስቀመጡት» አለ። ቱቦውን አጠበቀ። ሌላ ምንም አላለም።

ሦስት ሰዓት ላይ ፓምፑ መመታት ጀመረ። አያ አዳሙ ራሱ ነው የመታው። የግፊት መለኪያው ቀስት ወጣ፦ አራት፣ ሰባት፣ አሥር። ውሃ መዝጊያውን ዘጋ። አንድ ሰዓት ሙሉ ከአሥር መውረድ የለበትም። ኢንጂነሯ፣ «በየአሥር ደቂቃው አንሣው» አለችኝ። «እንዳትነካው። እንደ ወጣ።»

3፡00። አሥር።

3፡10። አሥር።

3፡20። አሥር። ወይም የፀጉር ያህል ዝቅ ያለ።

3፡30። ኢንጂነሯ ወርዷል አለች። አያ አዳሙ ጎንበስ አለና፣ «ከላይ ሲያዩት ነው እንዲያ የሚመስል፤ በዓይን ትክክል ይዩት» አላት። እሷ ጎንበስ አለች፣ እሱ ቀና አለ። ልጆቹ ዙሪያውን ቆመዋል፤ የሚቀልድ የለም።

«ፎቶው ምን ይላል?» አለ አያ አዳሙ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። አራቱን ፎቶ አጎላሁ። አንደኛው ላይ ቀስቱ የአሥሩን መሥመር ይሸፍናል። አራተኛው ላይ የመሥመሩ ቀጭን ጠርዝ ይታያል። ግን አንደኛውን ያነሣሁት ቆሜ ነው፣ አራተኛውን ተንበርክኬ። ደግሞ አንደኛውን ሳነሣ ፀሐይዋ የመለኪያው መስታወት ላይ አልደረሰችም ነበር። አልወረደም ብል የሚያምኑኝ መሰለኝ። አፌ ላይ ነበር። ባይወርድ ምን ያህል እንደምፈልግ እግዚአብሔር ያውቃል።

«አላውቅም» አልሁ። «ከዚህ አይለይም።»

አያ አዳሙ መለኪያውን ተወው። ከዚያ ወደ ዕቃ ሣጥኑ ሄዶ መዶሻና መሮ አወጣ።

«ጋሽ አዳሙ፣ ሰዓቱ ይሙላ፤ ግማሽ ሰዓት ነው የቀረው» አለች ኢንጂነሯ።

«የኔ ግድግዳ ነው እመቤቴ። ቀስት አልጠብቅም።»

ተነሥቼ ተከተልሁት። ሰባት ቁጥር በር ላይ ሲደርስ ቆመና እጁን ዘረጋ፤ እጁ ላይ ከቧንቧ ብየዳ የቀረ የቆየ የቃጠሎ ምልክት አለ።

«ካሜራህን ስጠኝ።»

ከአንገቴ አውልቄ ሰጠሁት።

«የቷን ነው የምጫን?»

አሳየሁት። አንዴ አየር ላይ ሞከራት። ኢንጂነሯ ከኋላዬ ደርሳ ልትገባ ስትል በትከሻው ከለከላት፤ በትሕትና ነው፣ ግን ከለከላት።

«አንተም እዚህ ሁን። ዛሬ የማነሣው እኔ ነኝ» አለኝ።

ገብቶ የቆርቆሮውን በር ዘጋው።